ቀለህ ወደ ልኩ ይመለሳል?

አያቴ የተቀበረው ጣራ ገዳም አጠገብ ነው። ለቅሶው ላይ ጠመንጃ ሲተኮስ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ትልልቆቹ ሲያለቅሱ እኛ ልጆቹ ቀለህ ለቀማ ላይ ነበርን፤ አፉን ከንፈር ላይ አስጠግተህ ስትነፋበት ያፏጫላ! አንዷን ይዤ አዲስ አበባ ገባሁ። ዛሬ ኮድ ስጽፍ ከላፕቶፔ አጠገብ ትቀመጣለች።

አንድ ማታ ኮዴ አልሰራ ሲለኝ ቀለኋን እያገላበጥኩ «ይቺ ነገር ድጋሚ ትሞላ ይሆን?» ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። የነሐስ ቀለህ ይሞላል። በሀገራችን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር። እንዲህ የከበረን ነገር ሰው አንዴ ተኩሶ መጣል ባይፈልግ አይገርምም።

ነገሩ የሚሰራው እንዲህ ነው። የቀለህ ነሐስ በተለምዶ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ ነው። ባሩዱ ሲቀጣጠል ቀለሁ ይለጠጥና ጠመንጃው ጥይት ከሚጎርስበት ክፍል ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ የሚያደርገው ይሄ ነው። ከዚያ ትንሽ ይሰበሰባል፤ ግን እንደ ድሮው አይሆንም። በተተኮሰበት ጠመንጃ ልክ ተሰፍቶ ይቀራል፣ ሌላ ጠመንጃ አልጎርስህም ሊለው ይችላል። ስለዚህ መልሶ የሚሞላው ሰው ጠንካራ የብረት ቅርጽ ውስጥ አስገብቶ ይጨምቀዋል። ልኩ ይመለሳል።

ወይም የተመለሰ ይመስላል። በተለጠጠና በተጨመቀ ቁጥር ነሐሱ ይጠጥራል፤ ከዕለታት አንድ ቀን አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል። በመለኪያ ብታየው ልክ ነው፤ ውስጡ ግን ያለፈበትን ሁሉ ይዟል።

እዚህ ላይ ስደርስ አባቴና አጎቴ ትዝ አሉኝ።

ፎገራ ሜዳ ላይ በአንድ የእርሻ ድንበር ተጣሉ። ነገሩ ወደ ጠመንጃ ሳይሄድ ሽማግሌ ገባ፤ አስታረቃቸውና «እንደ ድሯችሁ ሁኑ» ብሎ መረቀ። እነሱም ሆኑ። በዓል ሲሆን ይጠራራሉ፣ ይጎራረሳሉ። ድንበሩን ግን አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም። ከዓመታት በኋላ አንድ ሰርግ ላይ በማይረባ ቀልድ ተነሳስተው ተለያዩ። ሁላችንም «በቀልድ?» ብለን ተገረምን። ቀልዱማ አንገቱ የተሰነጠቀበት ቦታ ብቻ ነበር።

እኔ የምሰራበት ዓለም ውስጥ መመለስ ቀላል ነው። የተበላሸ ኮድ ትላንት ወደነበረበት ይመለሳል፤ አንዲት ፊደል ሳትጎድል። ለዚህ ይሆናል እኛ ልጆች ይቅርታንም እንደዚያ የምናስበው፦ አጥፋው፣ እንዳልነበረ ይሁን። ሰው ግን ወደ ነሐሱ ያደላል።

ታዲያ ሽማግሌዎቹ ተሳስተዋል? አይመስለኝም። ያኔ ባይጨመቁ ኖሮ ዛሬ የማወራው ስለ ደም ነበር። ጭመቃው ያስፈልጋል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ቀለህ መልሰው የሚሞሉ ሰዎችም ይሄን ያውቃሉ። ነሐሱ ሳይሰነጠቅ በፊት አንገቱን እሳት ያስነኩታል፤ ያኔ ይለሰልሳል፣ እንደገና መታጠፍ ይችላል። ለሰው እሳቱ ምንድነው? ያንን የማይነሳውን ነገር ማንሳት ይመስለኛል። ያቃጥላል፤ ግን ያለሰልሳል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ እሳቱ የሚነካው አንገቱን ብቻ ነው። የቀለሁ ግርጌ ከለሰለሰ ግፊቱን አይችልም፤ ተኳሹን ይጎዳል። ስለዚህ «ሁሉንም ተወው፣ ፍቅር ይበልጣል» የሚለው ምክር ያስፈራኛል። ስድቡን፣ ኩርፊያውን፣ «ማን ቀድሞ ሰላም ይበል» የሚለውን እናለስልስ። ድንበሩ የት ጋ እንደነበረ፣ ማን እንደገፋው የሚለው እውነት ግን ግርጌው ነው። እሱ ከለሰለሰ ቀጣዩ ተኩስ ፊታችን ላይ ነው።

ዘንድሮ አካባቢያችን ላይ ቀለህ የሚለቀመው ከሰርግና ከለቅሶ ብቻ አይደለም። አንድ ቀን «እንደ ድሯችን እንሁን» እንባባል ይሆናል። ያን ቀን ልኩ ብቻ እንዳይበቃን እፈራለሁ።

ለፋሲካ አጎቴ ጋ ደወልኩ። እንኳን አደረሰዎ ብዬ ስጨርስ «ጋሼ፣ ስለዚያ ድንበር ይንገሩኝ» አልኳቸው። ረጅም ዝምታ ሆነ። የተዘጋ መስሎኝ ስልኩን አየሁት፤ አልተዘጋም።

ከዚያ ማውራት ጀመሩ። አባቴ ልክ ነው አላሉም። እኔም እንዲሉ አልጠየቅኳቸውም።