ፈሪሃ እግዚአብሔርና የታቦት ክብር

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አልፎ ወደ ሞጣ የሚሄድ መንገደኛ፥ በጤፉ ማሳ መካከል የጥድና የወይራ ዐጸድ በታየ ቁጥር አብረውት የሚሄዱት ቆመው ሲያማትቡ ያያል። በበቅሎ የተቀመጠው ይወርዳል፤ ሸክም የያዘውም ባለበት ጎንበስ ይላል፤ ባልቴቶች ወደ ቅጽሩ ቀርበው ደጁን ይሳለማሉ። ወደ ውስጥ ሲገባ ጫማ ይወልቃል፥ ድምፅም ዝቅ ይላል፤ ንጽሕና የጎደለው መስሎ የታየው ሰው ከውጭ ቆሞ ያስቀድሳል። በቢቸና አጠገብ በዲማም፥ በሞጣም የሚከበረው የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ነውና፥ ሚያዝያ 23 ቀን በዓሉ ሲውል የሁለቱም አገር ሕዝብ በአንድ ስም ይሰግዳል።

ይህን ልማድ ከንቱ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው ይሳሳታል። ሕፃን ልጅ ከእናቱ የሚበልጥ አንድ እንዳለ አስቀድሞ የሚያውቀው፥ እናቱ በደጀ ሰላም ስትንበረከክ አይቶ ነው እንጂ መጽሐፍ አንብቦ አይደለም።

ነገር ግን ፍርሃት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የባሪያ፥ ሁለተኛው የልጅ። ለዚህ ምሳሌ ከዲማ የጉባኤ ቤት ርቆ መሄድ አያስፈልግም። ደበሎ ለብሶ አኩፋዳ አንጠልጥሎ የመጣ ትንሽ ተማሪ መጀመሪያ የሚፈራው የየኔታን አለንጋ ነው። የኔታ ሸለብ ሲያደርጋቸው ይጫወታል፤ ሲነቁ ያጠናል። ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ያው ልጅ ባለ ቅኔ ሆኖ፥ የኔታም አርጅተው ዓይናቸው ፈዝዞ፥ አለንጋውም ከተሰቀለበት ተረስቶ ሳለ፥ የተበላሸ ቅኔ በፊታቸው መቀኘትን ከቀድሞው አብልጦ ይፈራል። ፍርሃቱ አልጠፋም፤ ምክንያቱ ግን ተለወጠ። ቀድሞ ለጀርባው ይፈራ ነበር፤ አሁን የሚፈራው ሽማግሌውን ማሳዘንን ነው። ሰሎሞን የጥበብን መጀመሪያ በእግዚአብሔር ፍርሃት ላይ ሲያኖር፥ ሐዋርያው ዮሐንስ ደግሞ ፍቅር በሞላበት ልብ ፍርሃት ስፍራ እንደሌለው ሲጽፍ፥ ሁለቱ የሚጣሉ የሚመስለው መንገዱን ያልሄደበት ሰው ነው።

ችግሩ ብዙ ሰው በአለንጋው ዘመን ቆሞ መቅረቱ ነው። ጎልማሳው ሥጋ ወደሙን መቀበል ይፈራል፤ አይገባኝም ብሎ እስከ እርጅናው ያዘገያል። ይህ ትሕትና ሊሆን ይችላል። ሆኖም ያው ሰው መቁረብን ፈርቶ መበደልን ካልፈራ፥ ከቅዱሱ ነገር የራቀው ለክብሩ ሲል ነው ወይስ ለራሱ ነጻነት ሲል? በሰንበት ደጁን የተሳለመ ከንፈር፥ በገበያ ቁናውን አጉድሎ አልጎደለም ብሎ ይምላል፤ ያውም በጊዮርጊስ ስም! የታቦቱን ደጅ የሚፈራ፥ የታቦቱን ጌታ ግን በገበያ የማያገኘው የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም።

ይህ ዓይነት ፍርሃት እስከ ምን እንደሚያደርስ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ ታየ። በቤተ ክርስቲያን እሳት ተነሣ የሚል ወሬ ከተሰማ በኋላ፥ በከተማዪቱ የነበሩ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊሞችም ሱቆች ተዘረፉ። እነዚህ ሰዎች በአንድ ገበያ የሚውሉ፥ በለቅሶ የሚገናኙ ጎረቤቶች ነበሩ። ከክርስቲያኑም ወገን ብዙዎች ድርጊቱን አወገዙ። እሳቱን የለኮሱት ምን አስበው እንደ ነበረ እግዚአብሔር ያውቃል። ነገር ግን ለቤተ ክርስቲያን ቀናሁ የሚል ሰው በዚያ ቀን ክብሪት ይዞ ከነበረ፥ ያ ሰው ምናልባት በዚያው ሳምንት ደጁን ተሳልሟል፥ ጫማውንም አውልቋል። ለታቦቱ ክብር ነበረው። የጎረቤቱን እንባ የሚቆጥረውን ግን አልፈራም፤ ቢፈራ ኖሮ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የታቦትን ክብር ከመጽሐፍ የሚማር ሕዝብ ዖዛን ያውቀዋል። ታቦቱን የጫነው ሠረገላ አውድማ አጠገብ ሲደርስ በሬዎቹ ተደናቀፉ፤ ዖዛም ሊደግፈው እጁን ዘረጋ፥ በዚያም ሞተ። ታቦቱን ሌዋውያን በትከሻቸው መሸከም ሲገባቸው በሠረገላ መጫኑ ለቅጣቱ ምክንያት ሆኖ ይነሣል፤ ይህም እውነት ነው። ሆኖም ሌላ ነገር ደግሞ አለበት። ያ ታቦት በፍልስጥኤም ምድር ሰባት ወር ኖሮ፥ ሰይፍ የመዘዘለት አንድ እስራኤላዊ ሳይኖር፥ ላሞች እየሳቡት ወደ አገሩ የተመለሰ ነበር። ዖዛ ክፉ አላሰበም፤ እርሱ ካልያዘው የሚወድቅ መሰለው እንጂ። ያዘነውም ለታቦቱ ነበር። ሊደግፍ የተዘረጋ እጅ ይህን ያህል ከተቆጠረበት፥ ሊያቃጥል የተዘረጋውስ?

ዳዊት ያን ቀን ፈራ። ይህም የባሪያ ፍርሃት አልነበረም፤ ከሠራዊቱ ጋር ሆኖ ሲዘምር የመጣው ንጉሥ ታቦቱን ወደ ከተማው ሊያስገባ አልደፈረም። መንገዱን ለውጦ ወደ ጌት ሰው ወደ አቢዳራ ቤት አስገባው። ጌት የፍልስጥኤም ከተማ ናት፤ ጎልያድም የመጣው ከዚያ ነው። ታቦቱ ሦስት ወር የተቀመጠው በዚያ ሰው ቤት ነው፤ በረከቱም የወረደው በዚያው ቤት ላይ ነው።