ፊት በውሰት
ልጅ ሆኜ ከሚሴ፣ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብበን ብሩስ ሊን እናይ ነበር። ቋንቋው ባይገባንም ቡጢው ይገባናል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1972 «ኩንግ ፉ» የተባለውን የቴሌቪዥን ድራማ ሲጀምሩ፣ ከቻይናዊት እናት የተወለደውን መነኩሴ እንዲጫወት ነጩን ዴቪድ ካራዲንን መምረጣቸውን የሰማሁት ኋላ ነው። ተናደድኩ።

ወዲያው ግን ራሴን ታዘብኩ። በአማርኛ ቀልዶቻችን ኦሮምኛ አፉን የፈታ ዘበኛ ስንቴ አይተናል? አንዳንዴ ተዋናዩ ቋንቋውን አያውቅም፤ አማርኛ ይሰብርና ያስቃል። እኔም ስቄያለሁ፤ ያውም የከሚሴው ልጅ!

ተዋናይ ሌላ ሰው መሆን ሙያው ነው፤ ይሁን። ባለቤቱ ራሱን ሆኖ እንዳይጫወት በር ሲዘጋበት ግን ጨዋታው ግፍ ይሆናል።

እናቴ አብራን ስታይ አልሳቀችም። «ይሄ ደግሞ የየት አገር ኦሮሞ ነው?» አለች።