ለዚያራ የምትዘረጋው እጅ



ወንድሜ፣ እህቴ! ዛሬ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሆስፒታል የተኛ ዘመድ ለመዘየር ያሰባችሁ ትኖራላችሁ። ማሻአላህ! የታመመን መጠየቅ ነብያችን (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ አንዱ አድርገው የቆጠሩት ዒባዳ ነው።

ግን እስቲ ራሳችንን እንይ። በታክሲ ብር ተቀባብለን፣ ስልክ ስንነካካ ቆይተን እንደርሳለን። እንደገባን የታማሚውን እጅ እንጨብጣለን፣ ጉንጩን እንስማለን፣ አልጋው ላይ እንቀመጣለን። ከዚያ በዚያው እጅ የጎረቤት አልጋ ላይ የተኛውንም ጨብጠን "አላህ ያሽርህ" እንላለን። ኒያችን ያማረ ነው። ጀርም ግን ኒያ አይጠይቅም።

የቀዶ ጥገና ቁስል፣ ግሉኮስ የተሰካበት ክንድ፣ የሽንት ቱቦ፣ ሁሉም ለጀርም የተከፈተ በር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ሆስፒታል ከሚተኙ 100 ሰዎች 15ቱ ይዘውት ያልመጡት ኢንፌክሽን እዚያው ይይዛቸዋል። ከተያዙት 10 ሰዎች ደግሞ አንዱ በዚሁ ይሞታል። ትልቁ ኃላፊነት የጤና ባለሙያዎች ቢሆንም የኛም እጅ ነፃ አይደለም።

ነብያችን (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) ከእንቅልፍ የነቃ ሰው እጁን ሳያጥብ የውሃ ዕቃ ውስጥ እንዳይከት አስተምረዋል፤ እጁ የት እንዳደረ አያውቅምና። እኛ ግን እጃችን የት እንደዋለ እናውቃለን!

ስለዚህ ስትገቡም ስትወጡም እጃችሁን በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ታጠቡ፤ ወይም ሳኒታይዘር እስኪደርቅ እሹት። አልጋው ላይ አትቀመጡ፤ ቁስሉንና ቱቦውን አትንኩ። ከብርቱካኑ ጋር ሳሙናም ይዛችሁ ሂዱ፤ ለክፍሉ ሁሉ ሰደቃ ይሆናል። ነርስ ወይም የሕክምና ተማሪ ከሆንክ ደግሞ ጓንት መታጠብን እንደማይተካ አትርሳ።

ጉንፋን ወይም ተቅማጥ ከያዛችሁ ቅሩ። ነብያችን የታመመ ግመል ወደ ጤነኞቹ እንዳይቀላቀል ከከለከሉ፣ ለደከመ ወንድማችን እንዴት አንጠነቀቅ? ደውሉለት፣ ዱዓ አድርጉለት። መቅረታችሁ ለሱ አስባችሁ እንደሆነ አላህ ያውቃል።

አላህ ለታመሙብን ሁሉ ሙሉ ዓፊያ ይስጥልን። ሰዎች ከምላሳችንም ከእጃችንም ሰላም ከሚሆኑባቸው ባሮቹ ያድርገን። ኣሚን።

ጁምዓ ሙባረክ!