ጤና ማዕረግ አይደለም



ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! የኮሮናን ጊዜ አስታውሱ። በ2013 ዓ.ም ረመዳን ዑምራ ማድረግ የተፈቀደው ሁለት ጊዜ ለተከተቡ፣ አንዴ ተከትበው 14 ቀን ለሞላቸው ወይም ታመው ለዳኑ ብቻ ነበር። ማስረጃው ተወከልና በተባለው የሞባይል መተግበሪያ ላይ ይታይ ነበር። ማስረጃ የሌለው ከሐረም ቀረ።

ታዲያ ሰውን በጤናው ለይቶ አንዱን ማስገባት፣ ሌላውን ከደጅ መመለስ ፍትሕ ነው ወይስ በደል?

በመጀመሪያ፣ ወረርሽኝን መከላከል ከዲናችን ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳንገባ፣ ካለንበትም ሸሽተን እንዳንወጣ አስተምረዋል። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ የተባለ ቦታ ላይ የጣዑንን ወሬ ሰሙ፤ ተማክረውም ተመለሱ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ግን በሻም ከሠራዊታቸው ጋር ቀርተው በዚያው ወረርሽኝ ሞቱ። ልብ በሉ! ያ ሕግ ለኸሊፋውም ሆነ ለአዛዡ የተለየ በር አልከፈተም።

የኢሚዩኒቲ ፓስፖርት ግን አንዱን ሰው ከጎኑ ካለው ይለያል። ስለዚህ ሦስት ጥያቄ እንጠይቅበት።

1ኛ፦ እውነት ይናገራል ወይ? በሚያዝያ 2012 ዓ.ም የዓለም ጤና ድርጅት ከኮሮና የዳነ ሰው ዳግም እንደማይያዝ ማስረጃ የለም ብሎ እንዲህ ካለው ወረቀት አስጠንቅቆ ነበር። ያልታወቀን ነገር እንደታወቀ አድርጎ የሚመሰክር ወረቀት ባለቤቱን ያዘናጋል፤ ጎረቤቱንም ያስይዛል። የሐሰት የምርመራ ውጤት ገዝተው የተጓዙም ነበሩ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከታላላቅ ወንጀሎች ሲቆጥሩ ተደግፈው ነበር፤ የሐሰት ምስክርነት ላይ ሲደርሱ ግን ቀና ብለው ተቀመጡና ደጋግመው አስጠነቀቁ። ፎርጅድ የጤና ወረቀትም የሐሰት ምስክርነት ነው።

2ኛ፦ ሰውን ወደ ጥፋት አይገፋም ወይ? በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ኒው ኦርሊንስ ቢጫ ወባ ብዙ ሰው ይፈጅ ነበር። ታሞ ያልዳነ ስደተኛ ሥራ የሚሰጠው አያገኝም ነበርና፣ ለእንጀራው ሲል በሽታውን ፈልጎ የሚይዘው ሰው ነበር። ከተረፈ ሥራ፣ ካልተረፈ መቃብር! አላህ ራሳችንን በገዛ እጃችን ወደ ጥፋት እንዳንጥል ከልክሎናል። ድሃው በሽታን እንዲመኝ የሚያደርግ ሥርዓት ከዚህ ክልከላ ጋር ይጋጫል።

3ኛ፦ ሁሉም ያገኘዋል ወይ? ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ወዳለባት አገራችን በየካቲት 2013 ዓ.ም በኮቫክስ በኩል የገባው የመጀመሪያው ክትባት 2.2 ሚሊዮን ዶዝ ገደማ ነበር። በሌላ አገር ወጣቱ ሳይቀር ሲከተብ፣ እዚህ አዛውንቱም ወረፋ ይጠብቁ ነበር። ያልሰጡትን ነገር አምጣ ብሎ ሰውን ከደጅ መመለስ በደል ነው። ማስረጃ የሚጠይቅ ክትባቱን ለድሃውም፣ ስማርት ስልክ ለሌለውም ያድርስ።

ሦስቱ ከተሟሉ ለሕዝብ ደኅንነት ሲባል መከልከሉ ተገቢ ነው፤ እኛም እንታዘዛለን። ካልተሟሉ ግን ወረቀቱ ያለው ሰው ዝም ሊል አይገባም።

ዑዝር ይዟችሁ ከመልካም ሥራ የቀራችሁ ሆይ! በተቡክ ዘመቻ ጊዜ ዑዝር ይዟቸው መዲና የቀሩ ሰዎች በአጅር ከዘማቾቹ ጋር እንደነበሩ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ኒያችሁን አላህ ያውቃል።

የተፈቀደላችሁም ሆይ! በሱረቱል ሑጁራት እንደተነገረን አላህ ዘንድ ክብር በተቅዋ ነው። ስልካችሁ ላይ የወጣው ምልክት የሚናገረው ስለ ሰውነታችሁ እንጂ ስለ ደረጃችሁ አይደለም። የተመለሰውን አትናቁ። አዛውንት ጎረቤታችሁን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ። ሳል ከያዛችሁ ማስረጃ ቢኖራችሁም ከሰው ራቁ።

ያ አላህ! ከወረርሽኝ ጠብቀን። የታመሙትን አሽራቸው፤ የሞቱትን ማርልን። በሰጠኸን ጤና ከመኩራት ጠብቀን። አሚን!

ጁምዓ ሙባረክ!