ማን አንብቦት?

ጎበዝ ጎበዙ ወጣት መምህር ዩኒቨርሲቲ አልቆይ አለ ሲባል መልሱ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ «ደመወዝ»፣ ወይ «የዛሬ ልጅ ገንዘብ ወዳድ ሆነ»። ሁለተኛውን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸው ቤት ያላቸው ናቸው።

ደመወዙን ማንም አይክደውም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን በኅዳር 2015 ዓ.ም. ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት በሱ ነው። ከመሿለኪያ ዝቅ ብሎ ላንቻ፣ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ወጣት መምህር አውቃለሁ። ቀን ዩኒቨርሲቲ፣ ማታ የግል ኮሌጅ ያስተምራል። ኪራይ ሲጨምርበት እሱ ደግሞ ኮሌጅ ይጨምራል። እንዲህ ላለ ሰው «ሙያው እኮ ክቡር ነው» ማለት ድፍረት ይመስለኛል።

ግን ይኸው ልጅ አምና አንድ ድርጅት በእጥፍ ደመወዝ ጠርቶት አልሄደም። ምን ነካህ? አልኩት። አፍሮ፣ አፍሮ ነገረኝ። ክፍሉ ውስጥ ያሉ አንድ አንጋፋ መምህር የጥናት ጽሑፉን ወስደው፣ በሳምንቱ ዳር ዳሩን በእርሳስ ሞልተው መለሱለት። ግማሹ ቁጣ ነው አሉ! «ጋሼ፣ እንደዚያ አድርጎ ያነበበኝ ሰው አልነበረም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ሻይ እየጠጡ ይከራከራሉ።

እኔም ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ያቆየኝ ይኸው ነበር፤ ስሳሳት የሚናደድልኝ ሰው። ድሮ የትምህርት ክፍሉ ብርቱ ተማሪውን ራሱ ሲያስቀር፣ የሚያስቀረውን ያውቀው ነበር። በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከአርባ በላይ መምህራን ሲባረሩ የጎደለው የሰው ቁጥር ብቻ አይደለም፤ እነሱ ሊያነቡላቸው የነበሩትም ወጣቶች ያለ አንባቢ ቀሩ። በዚያ ዘመን በሀገሪቱ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና አለማያ ነበሩ፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከአርባ ይበልጣሉ። መስፋፋቱን አልጠላም፣ የገበሬው ልጅ ገብቶበታል። ነገር ግን የክፍሉ ሽማግሌ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ በሆነበት ግቢ ማን ማንን ያንብብ?

ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ያሰጋኛል። «እንግዲያውስ ፍቅር ይበቃቸዋል» ብሎ የደመወዙን ጥያቄ መሳቢያ ውስጥ የሚከት ሹም አይጠፋም። ልብ በሉ፤ የሰው ጽሑፍ አንብቦ፣ ተናዶ፣ እርማት ለመጻፍ ነፃ ምሽት ያስፈልጋል። ምሽት ደግሞ ሆድ ካልሞላ ይሸጣል። እኚያ አንጋፋ መምህርም ማታ ማታ ኮሌጅ ያስተምራሉ። ለሚቀጥለው መንፈቅ ሌላ ክፍል ጨምረዋል አሉ፤ ዓርብን ነው የሰጧቸው።