ለእኅቴ ልጅ፦ ስለ ቤቱ ሒሳብ

ባለፈው እሑድ ቡና ላይ «ጋሼ፣ ቤት ለመሥራት ስንት ደመወዝ ይበቃል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እናትሽ ቀደም ብላ «እግዜር ያውቃል» አለችና ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። እኔ ግን ጥያቄሽን ይዤው አደርኩ።

ከወረቀቱ እንጀምር። ደመወዝሽ 11,500 ብር ነው። ለጡረታ 7 በመቶ፣ ማለትም 805 ብር ይቆረጣል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ግብርሽ 2,100 ብር ነው። እጅሽ የሚገባው 8,595 ብር ብቻ ነውና ከዛሬ ጀምሮ 11,500 የሚለውን ቁጥር እርሺው።

ከዚህ ውስጥ ለዕዳ የሚወጣው ከሲሶ አይለፍ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቀነሰው ከሲሶ እንዳይበልጥ ይላል። አንቺ የመንግሥት መምህርት ነሽና አዋጁ አይመለከትሽም፤ ልኩ ግን ለማንም ቤት ይሠራል። ሲሶሽ 2,865 ብር ነው። ባንክ በ16 በመቶ ወለድ ለ15 ዓመት ያበድርሻል እንበል፤ ይህ ገንዘብ የሚሸከመው ብድር ወደ 195 ሺህ ብር ነው። 500 ሺህ ብር ከፈለግሽ በየወሩ 7,340 ብር ገደማ ትከፍያለሽ፤ በ15 ዓመት ከ1.3 ሚሊዮን ብር በላይ ይሆናል። ይህን ያለ ጭንቀት ለመክፈል እጅሽ 22 ሺህ ብር መግባት አለበት፤ ደመወዙ በወረቀት ሲጻፍ ከ34 ሺህ ብር ይበልጣል።

ቁጥሩ አያስደንግጥሽ። ከተማችን ዱርቤቴ አዲስ አበባ አይደለችም። የአጎትሽ ልጆች እዚያ ለኮንዶሚኒየም በ20/80 እና በ40/60 ቆጥበው ዕጣ ይጠብቃሉ፤ ያለቀ ቤት ካልተሰጣቸው መግቢያ የላቸውም። እዚህ ቤት በቁራጭ ይሠራል። ስለዚህ «ለቤቱ ስንት ያስፈልጋል» አትበይ። «ከኪራይ ለመውጣት ስንት ያስፈልጋል» በይ።

እኔ በወጣትነቴ ይህን አልጠየቅሁም። አራት ክፍል ጀመርኩ፤ ብድሩንም ከበቆሎ ሽያጭ እከፍላለሁ ብዬ ፈረምኩ። በቆሎ በተሰበሰበ ሰሞን ሁሉም ገበያ ያወጣል፤ ዋጋው ወረደ፣ አበዳሪው ደግሞ ቀኑን አላራዘመም። ሁለት በሬ ሸጥኩ። ጣራ ያላገኙት ቋሚዎች ክረምቱን ራቁታቸውን ከረሙና ግማሾቹ ተጣመሙ። እነዚያን በሬዎች ዛሬም አስታውሳቸዋለሁ።

ስለዚህ ወርኃዊ ዕዳ በደመወዝ ላይ ብቻ ይቁም። የእህል ገንዘብ፣ የእቁብ ዕጣ፣ የክረምት ማስጠናት ገቢ ለዕዳ አይታሰብ፤ እነዚህ ሲመጡ ቆርቆሮ ይገዛባቸዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የፌሮና የቆርቆሮ ዋጋ የሚጠብቅሽ እንዳይመስልሽ። ቆርቆሮና ምስማር ደረቅ ቦታ ቢቀመጡ አይበላሹም። ሲሚንቶ ግን እርጥበት ይዞት ይደርቃልና የምትሠሪበት ሳምንት ሳይደርስ አትግዢ።

መጀመሪያ መሬቱ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ 99 ዓመት ሰጥቶ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከጠቅላላው 10 በመቶ እንዳያንስ ደንግጎ ነበር። ዛሬ የሚሠራበትን ደንብ፣ የቤት ሠሪዎች ማኅበር ምዝገባውንም ጭምር ማዘጋጃ ቤት ሄደሽ በአፍሽ ጠይቂ፤ የደላላ ቃል አትያዢ። ከማዘጋጃ ቤቱ ክፍያ በቀር፣ ካርታ በስምሽ ሳይወጣ ለማንም አንድ ብር አትክፈይ።

ከዚያ ሁለት ክፍል ብቻ። የባሕር ዛፉ ቋሚ እግሩ የተቃጠለ ዘይት ይቀባ፤ የእኛ አገር ምስጥ አይምርም። ጣራው ከሰኔ በፊት ይልበስ። ምርጊቱ ጭድ በሚገኝበት ከመኸር በኋላ ይሁን፤ ጭቃው በደንብ ይቡካ። ሊሾው፣ ኮርኒሱ፣ የላሜራው በር ሁሉ ይቆይ። እየሠራሽ ሳለ ኪራይም ዕዳም በአንድ ላይ ትከፍያለሽ፤ ሰው የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። ሁለቱ ክፍል እንዳለቁ ግቢ። ያኔ ለአከራይ ይሄድ የነበረው ገንዘብ ለሦስተኛው ክፍል ይሆናል፤ ደመወዝሽ ሳይጨመር ገቢሽ አደገ ማለት ነው።

ስለ እጮኛሽም አስቤያለሁ። የሁለታችሁን ደመወዝ ደምራችሁ አትበደሩ። ዕዳው በአንዱ ይቻል፣ በሌላው ኑሩ። ልጅ ሲመጣ፣ ወይም አንዳችሁ ሲታመም፣ ቤቱ እንዳይናወጥ።

ቅዳሜ ደብተር ይዘሽ ነይ። ኪራዩን፣ ጤፉን፣ ዘይቱን፣ ለእናትሽ የምትሰጫትን ሳትቀንሺ ጻፊው። እኔም የምስማሩን ዋጋ ሳይቀር የመዘገብኩበትን የድሮ መዝገቤን አወጣለሁ። የእጮኛሽን መስመር ባዶ ተይው፤ መጥቶ በእጁ ይጻፈው።