ወዴት ነው የምትጠርገው?

ባለፈው ሳምንት ዝናቡ ሲያባራ አንድ የሰፈራችን ነጋዴ ከሱቁ ውኃ በባልዲ ሲያወጣ አገኘሁት። ስኳሩ ሟሙቷል፣ የዱቄቱ ማዳበሪያ ከሥሩ በጭቃ ርሷል፣ ሰውየው ሊያለቅስ ደርሷል። «ቱቦ የሚያስጠርግ መንግሥት እንኳ የለንም!» አለኝ። አዘንኩለት። ነገር ግን ይህንኑ ሰው በጋውን ሙሉ በዐይኔ አይቼዋለሁ። ጠዋት ደጁን ውኃ ይረጫል፣ ዕጣን ያጨሳል፣ ከዚያ ፌስታሉን፣ ካርቶኑንና የለስላሳ ጠርሙሱን ጠርጎ ቱቦ ውስጥ ይከታል። ፈጣሪ ደጃፉን ብቻ ነው እንዴ የሚያየው?

ነጋዴ ወገኖቼ፣ ስለ አካባቢ ጥበቃ ሲነሳ «እሱ የባለሙያ ወሬ ነው፣ እኛ ሥራ አለን» ትላላችሁ። ይኸው ወሬው መደርደሪያችሁ ድረስ ገባ! ቱቦ ውስጥ የተጣለ ፌስታል አይበሰብስም፤ ከደለሉ ጋር ተጠላልፎ ቱቦውን ይደፍነዋል፤ ጎርፉ መሄጃ ሲያጣ ወደ ሱቃችሁ ይመለሳል። ይህን ለማወቅ ምን ትምህርት ይጠይቃል?

ሕግ አልነበረንም እንዳይባል፣ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረትና ከውጭ እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ማን ሰማ? ቲማቲሙን ለብቻ፣ ሽንኩርቱን ለብቻ፣ ሁለት ፍሬ ቃሪያ ሳይቀር ለብቻ እየቋጠርን ዐሥራ ስምንት ዓመት አለፈ። ኬንያ በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ፌስታል ስታግድ ገበያዋ አልተበተነም። እኛ፣ እናቶቻችን ዘንቢል ይዘው ገበያ ሲወጡ ያየን ሰዎች፣ በ2017 ዓ.ም. ሌላ አዋጅ እስኪወጣብን ጠበቅን። አሁንም «ደንበኛዬ ይቀየመኛል» እያልን ከባንኮኒ ሥር እየመዘዝን እንሰጣለን። ያሳፍራል!

ከብት አድላቢውስ ምን አደረገ? ለፋሲካ ቅርጫ ገብተን በሬው ሲበለት ከጨጓራው የወጣውን የፌስታል ድብልብል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የዋጠው አይፈጭም፣ አያልፍም፤ የመኖውን ቦታ ይዞበት እንስሳው እየበላ ይከሳል። መኖ ተወዷል፤ እውነት ነው። ያን ውድ መኖ የሚቀበለውን ሆድ የሞላነው ግን እኛ ነን፤ ከሱቃችን ጠርገን!

ከቱቦው ያመለጠው ፌስታል ደግሞ ወደ አቃቂ ወንዝ ይወርዳል። ከፋብሪካው ፍሳሽና ከመጸዳጃው ጋር ተቀላቅሎ በሚሄደው በዚያ ውኃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። እኔ ራሴ ጉሊት ስሄድ «የአቃቂ ነው ወይ?» እያልኩ ከሴትዮዋ ሳልገዛ አልፋለሁ። ልጆቿን የምታሳድግበትን ገበያ ባላጠፋችው ጥፋት ነጠቅናት።

ችግኝ ስንተክል እንኳ ያው ነን። ዘንድሮ የችግኙ ላስቲክ ሳይቀደድ አብሮ ሲቀበር አይቻለሁ። ሥሩ በላስቲክ ታፍኖ የትኛው ዛፍ ነው የሚጸድቀው? አገር እንወዳለን የምንል ሰዎች ላስቲክ ለመቅደድ የምትበቃ ደቂቃ አጣን?

ሰኞ ጠዋት በዚያ ሱቅ ደጅ አለፍኩ። ወለሉ ደርቋል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፤ ነጋዴው የረጠበውን ካርቶን ክምር በመጥረጊያ ወደ ቱቦው ጠርዝ ይገፋል። አላስችል አለኝና ቆምኩ።

«ወንድሜ፣» አልኩት፣ «ወዴት ነው የምትጠርገው?»